የሁለት ሰው ቤት መዋጮ

ባለፈው መስከረም ለጊፋታ ከሶዶ ወደ ዳሞት ወይዴ ወርጄ ነበር። ወላይታን የሚያውቅ አንባቢ እንደሚያስታውሰው ጊፋታ ዘመን የሚለወጥበት በዓል ነው። ሰንጋው በቅርጫ ይታረዳል፣ ሴቶቹ ሲያጠራቅሙት የከረሙት ቅቤ ይወጣል፣ ከየከተማው የመጣ ልጅ ግቢውን ይሞላዋል። የአክስቴ ልጅ ቤት ግን እሷና ባሏ ብቻ ነበሩ። ከተጋቡ አሥራ አምስት ዓመት አልፏቸዋል።

ቡናው እስኪፈላ ከሣጥኗ የጤና መድን ደብተሯን አውጥታ ሰጠችኝ። የቤተሰብ አባላት በሚጻፉበት ገጽ ላይ የባሏና የእርሷ ስም ሰፍሯል። ከዚያ በታች ያለው መስመር ሁሉ ባዶ ነው።

«አንተ የተማርክ ነህ ወንድሜ፣ እስኪ ንገረኝ» አለችኝ። «ጎረቤቴ ከነልጆቿ ስምንት ሆና የምትከፍለውን እኛ ሁለት ሆነን እንከፍላለን። ልጆቿ ሲያተኩሳቸው በዚህ ደብተር ይታከማሉ፤ እሰየው፣ ይታከሙ። የእኔ ነገር ሲመጣ ግን ይህ በመድኑ አይሸፈንም አሉኝ። ታዲያ እኔ የምከፍለው ለምንድን ነው?»

ቡናው ደረሰና ወሬ ለወጥን። ጥያቄዋ ግን ሶዶ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር በያኔው ደቡብ ክልል ከተመረጡት አንዱ ይኸው ዳሞት ወይዴ ነበር። መዋጮው የሚሰበሰበው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በአባወራ ነው። የድሃ ድሃ ለተባለው መንግሥት ይከፍልለታል። ሐሳቡ ከእድር የራቀ አይደለምና ሕዝባችን አላስቸገረውም። በእድርም ወላድና መካን እኩል ያዋጣል። ልጅ የሌላት ሴት በዕድሜዋ የስንቱን ልጅ ትቀብራለች!

መድን ማለት ይኸው አይደል ወይ፣ ጤነኛው ለታመመው ይከፍላል የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። የአክስቴ ልጅ ግን ጤነኛዋ አይደለችም። የዓለም የጤና ድርጅት መካንነትን የሚቆጥረው ከበሽታ ነው፤ ባልና ሚስት ያለ መከላከያ ዓመት አብረው ቆይተው ፅንስ ሲጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱን በዕድሜው ያገኘዋል ብሏል። በአፍሪካ ደግሞ ከዋነኞቹ መነሻዎች አንዱ በጊዜው ያልታከመ የአባላዘር በሽታ፣ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የሚከተል ቁስለት ነው፤ የማህፀንን ቱቦ ይዘጋዋል። እንግዲህ አስቡት። ሕክምና በማጣቷ መካን የሆነች ሴት፣ ሕክምናው በመጣ ጊዜ «አንቺን አይመለከትም» ስትባል።

ይህን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ባጫውተው፣ «በወላይታ መሬት ላይ የጎደለው ሰው ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። (እሱ ራሱ የአምስት ልጆች አባት ነው።) የእርሻችን መጥበብ እውነት ነው፤ ዳሞታ ተራራ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ሆኖም የወሊድ መከላከያ በነጻ የምታድለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት የምታስተምረው «በፈለጋችሁ ጊዜ፣ በፈለጋችሁት ቁጥር ውለዱ» እያለች ነው። ይህ ቃል ለወላዷ ብቻ የተነገረ ከሆነ ምርጫ ማለታችን ቀርቶ ቅነሳ እንበለው። ደግሞስ የመሬት መጥበብን ዕዳ ምንም ያልወለደችው ሴት ትክፈል የሚል ሽማግሌ የት አገር አለ?

የከበደኝ ክርክር ሌላ ነው። ድስቱ ትንሽ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2005 ዓ.ም. ለደመወዝተኛው ማኅበራዊ ጤና መድን ያወጣው ደንብ ቁጥር 271 ከማህፀን ውጭ የሚደረግ ፅንስን ከማይሸፈኑት ተርታ ሲያስቀምጠው፣ ከመነጽርና ከሰው ሠራሽ ጥርስ ጋር ብቻ አልነበረም። ድንገተኛው ሲቀር የኩላሊት እጥበትም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነበር። ልጅ የምትሻው ሴት የተሰለፈችው ነፍሱን ከሚሻ ሰው ጋር ነው ማለት ነው። እሷ ትቅደም ለማለት አንደበቴ አይታዘዘኝም። አንዱ ሙከራ ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ አብዛኛውን ጊዜም አይሳካም። እስራኤል ለአንዲት ሴት ሁለት ልጅ እስክታገኝ፣ እስከ 45 ዓመቷ ትከፍላለች። የዳሞት ወይዴ ገበሬ መዋጮ ግን የእስራኤል ካዝና አይደለም።

ስህተቱ ያለው መካንነትን ሁሉ በዚያ ውድ ሙከራ መለካቱ ላይ ይመስለኛል። የባል ዘር ምርመራ፣ የቱቦ ራጅ፣ የሆርሞን ምርመራ፣ እንቁላል እንዲወጣ የሚያግዝ ኪኒን፣ የቁስለት መድኃኒት፣ እነዚህ ሌላውን በሽታ ከምናክምበት ወጪ የሚርቁ አይደሉም። መድኑ እነዚህን እንዲሸፍን በሕግ መገደድ አለበት እላለሁ። ባልና ሚስት አብረው እንዲቀርቡም ያስገድድ።

ይህን ሁለተኛውን የምለው በምክንያት ነው። የአክስቴ ልጅ በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ቦታ ታይታለች። በመጨረሻ የታዘዘላት ራጅ የሚነሳው በግል ቤት ሆነና ደብተሯ አልሠራም፤ ጊደር ሸጣ ተነሳች። ይህ ሁሉ ሲሆን «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ያላት ሐኪም አልነበረም። ከግማሽ ያህሉ ጉዳይ ላይ የወንዱም ድርሻ እንዳለበት ሕክምናው ካወቀው ቆይቷል። ዘመድ ግን ወንዱን ሳይመረምር ሁለተኛ ሚስት ያፈላልግለታል። «ሁለታችሁም ካልመጣችሁ አልከፍልም» የሚል የመድን ወረቀት ቢኖር ስንት ትዳር በተረፈ!

ቱቦዋ የተዘጋውስ? በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ሕክምናው ውጭ አገር ብቻ ነው የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ለዚህኛው የወረዳው ድስት አይነካ፤ የፌዴራል መንግሥት በየዓመቱ ጥቂት ቦታ ከፍሎ በዕድሜ ገደብ፣ ለአንድ ሙከራ፣ በዕጣ ይስጥ። ዕቁብ በሉት። ጉድለቱ አይጠፋኝም፤ በዕቁብ ተራው ለሁሉ ይደርሳል፣ በዚህኛው ብዙዎች ዕጣ ሳይወጣላቸው ዕድሜያቸው ያልፋል። ዛሬ ግን ዕጣው ሳይጣል የሚወጣው ገንዘብ ላለው ነው።

ለገና ተመልሼ ይህንኑ ነገርኳቸው። ዕጣውን ሰምታ ፈገግ አለች፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ስለ ባል ምርመራ ሳነሳ ግን ሲኒዋን አስቀምጣ ባሏን አየችው።

«የእኔን ደግሞ ምን ሊያዩ?» አለ እሱ።

«ሂድና እነሱ ይንገሩህ» አለችው።

ደብተሩ እንደ ወትሮው ሣጥን ውስጥ አልነበረም፤ ጠረጴዛው ላይ ነበር።