የእርሻው ዳር የማን ነው?

ስለ ኢኮኖሚና ስለ ፖለቲካ ስንወያይ ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ክርስቲያን መደገፍ ያለበት የግል ንብረትን ነው ወይስ የመንግሥትን ቁጥጥር? እኔ ለራሴ የያዝኩትን አቋም ያገኘሁት ከዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ነው።

በዚያ ምዕራፍ እግዚአብሔር ባለ እርሻው እስከ ዳር ድረስ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም እንዳይለቅም ያዝዛል። የቀረው ለድሃና ለመጻተኛ ነው። እርሻው የባለቤቱ ነው፤ ማንም አልነጠቀውም። ዳሩ ግን የእርሱ አይደለም። ስለዚህ ድሃው የሚወስደው የሰው ችሮታ ሳይሆን እግዚአብሔር የሰጠውን ድርሻ ነው። እርሱም ቢሆን ጎንበስ ብሎ በገዛ ጉልበቱ ይለቅማል። ሞዓባዊቷ ሩት በቦዔዝ እርሻ እስከ ማታ የቃረመችው በዚህ ሥርዓት ነው።

ከእነዚህ ሁለት ነገሮች አንዱ ሲጎድል የሚሆነውን አገራችን አይታለች። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በብዙ አካባቢ ጢሰኛው ካመረተው ሲሶውን፣ አንዳንድ ቦታም ግማሹን ለባለ መሬቱ ይከፍል ነበር። ባለቤትነቱ ነበረ፤ ለድሃው የተተወ ዳር ግን አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ጢሰኝነትን አስቀረ፤ ይህም ለብዙዎች እውነተኛ ፍትሕ ነበር። ቆየት ብሎ ግን መንግሥት ገበሬውን እህሉን በኮታ፣ ራሱ በቆረጠው ዋጋ እንዲሸጥ ያስገድደው ጀመር። ገበሬው አሁንም በላቡ ፍሬ ላይ ማዘዝ አልቻለም። ስለዚህ ንብረት ጣዖት ሲሆንም፣ መንግሥት አዳኝ ሲባልም አሜን አልልም።

«እኛ እርሻ የለን፤ ይህ እኛን ምን ይመለከተናል?» ትሉ ይሆናል። ያው ምዕራፍ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ እስከ ነገ እንዳያድር፣ ሚዛን እንዳይዛባ፣ ዳኛም ለድሃ እንዳያዳላ፣ ለባለጸጋም እንዳያፍር ያዝዛል። ሱቅ ያለው፣ ቢሮ የሚሠራው፣ ሠራተኛ የሚቀጥረው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ከመንግሥት የምጠብቀው ዋናው ነገርም ይኸው ነው፤ ሚዛኑን ያስተካክል፤ ፍርዱን ለሁሉም እኩል ያድርግ።

የዳሩን ነገር ግን መንግሥት ሊሠራልን አይችልም። ሕጉ የዳሩን ስፋት አልለካም፤ ላልተወውም ሰው የዳኛ ቅጣት አልጻፈም። በኋላ የአይሁድ መምህራን ከ60 እጅ አንዱ እንዳያንስ ደነገጉ፤ ሙሴ ግን ልኩን አልተናገረም። ባለ እርሻው ማጭዱን ይዞ ሲቆም ከእግዚአብሔር በቀር የሚያየው አልነበረም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ደመወዛችሁ ወይም ትርፋችሁ እጃችሁ ከመግባቱ በፊት ዳሩ የት ጋ እንደሚጀምር ወስኑ። ሁሉን ካጨዱ በኋላ የሚተው ዳር አይኖርም። ጌታ ሰፊ ዳር የሚተው ልብ ይስጠን።