ጠለፋና ሽምግልና

ከንስሐ ልጆቻችን አንዲቱ፥ «አባቴ፥ ይህን ሳያዩ ስለ ጋብቻ ባያስተምሩን» ብላ ስለ ለመነችን፥ ድፍረት የተባለውን ፊልም በቤቷ ተቀምጠን ተመለከትነው። ፊልሙ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ከእውነተኛ ታሪክ ተነሥቶ ያዘጋጀውና በ2006 ዓ.ም. ለሕዝብ የታየ ነው። ቅኔ የተማረ ሰው የስሙን ኅብር አያጣውም፤ ድፍረት ጀግንነትም ነው፥ የሴት ልጅን ክብር መድፈርም ነው።

ሂሩት የተባለች የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል፤ ሊያገባት የፈለገውም ሰው በግድ ይደፍራታል። በኋላም ጠመንጃ ይዛ ስትሸሽ ይደርስባታል፤ ተኩሳ ትገድለዋለች።

እዚህ ላይ ሕሊናችን ፈጥኖ አትግደል ወደሚለው ትእዛዝ ሄደ። የሰው ነፍስ መጥፋት ቀላል ነው አንልም፤ ለሟችም እናት አለችው። ነገር ግን እጅግ ያስጨነቀን፥ የአገር ሽማግሌዎች በጉዳዩ ሊመክሩ ሲቀመጡ ማየታችን ነው። ክፉዎች አይደሉም፤ ንግግራቸው የታረመ፥ አቀማመጣቸው የተከበረ ነው፤ እኛን ይመስላሉ።

እኛም ቅስና በተቀበልን ሰሞን፥ የተጠለፈች ልጅ አባትን ከጠላፊው ወገን ጋር ለማስታረቅ መስቀል ይዘን ከሽማግሌዎች ጋር ሄደናል። ስለ ካሣው ከረፋድ እስከ ሠርክ ተነጋገርን። ልጅቱ በጓዳ ታለቅስ ነበር፤ የሙሽራ ልቅሶ ነው ብለን አለፍነው። ፈቃዷን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ፍትሐ ነገሥት ጋብቻ ያለ ሁለቱ ፈቃድ እንደማይጸና ማስተማሩን አንብበን፥ ትርጓሜውንም ተምረን ነበር፤ በዚያ ቀን ግን አላሰብነውም። የበላነውን እንጀራና የጠጣነውን ጠላ እስከ ዛሬ እናስታውሳለን።

በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ጠላፊው ልጅቱን ያገባት እንደ ሆነ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ ይህን ያስቀረው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው። እንግዲህ ሕጉም እንዲሁ ነበር ብለን ማመካኘት እንችል ይሆናል። ለካህን ግን ይህ ምክንያት አይበቃውም፤ መጽሐፈ ሳሙኤልን ያነበበ ነውና። አምኖን እኅቱን ትዕማርን በደፈራት ጊዜ አባታቸው ዳዊት ሰምቶ እጅግ ተቆጣ፤ ነገር ግን አልፈረደም። ከሁለት ዓመት በኋላ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለው። አባት ያልፈረደውን ወንድም በደም ፈረደው፤ ሂሩት ደግሞ ወንድም እንኳ አልቆመላትም።

በፊልሙ ፍጻሜ ፍርድ ቤቱ ራሷን ስለ ተከላከለች በነጻ ያሰናብታታል። ያን ጊዜ የንስሐ ልጃችን፥ «አባቴ፥ ወደ እርስዎ ብትመጣ ምን ቀኖና ይሰጧት ነበር?» አለችን። አስቀድሞ ቀኖና የሚገባው ሌላ ሰው አለ ብለን መለስንላት፤ ማን እንደ ሆነ ግን አልነገርናትም።

ያቺ በጓዳ ስታለቅስ የተውናት ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ሆና በዚያው አገር እንዳለች ሰምተናል። ከፋሲካ በኋላ ልንሄድ አስበናል፤ በሯ ላይ ቆመን በምን ቃል እንደምንጀምር ግን እስካሁን አላገኘንም።