በቁመት ልክ

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በኅዳር ወር፣ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ደወሉልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ የዶክትሬት ትምህርቴን እየተማርኩ። ዩኒቨርሲቲው የሚከፍለኝ ገንዘብ ከቤት ኪራይ ብዙም ስለማይተርፍ ማታ ማታ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች ሜኑ፣ ለሙሽሮች የሠርግ መጥሪያ፣ ለማኅበራት ፖስተር እሠራለሁ። አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ገጽ ስሠራ የለመድኩት ሙያ ነው። ጸሐፊው የፈለጉት ለአንድ ሟች አርባ ቀን መታሰቢያ የሚታደል ስምንት ገጽ መጽሔት ነበር። መቶ ሃምሳ ቅጂ፣ በአራት ቀን።

አርባ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ዝግጁ ንድፎች ከሚሸጡበት ድረ ገጽ አንድ ቴምፕሌት አወረድኩ። የምትጠልቅ ፀሐይ፣ ነጭ ርግብ፣ የሚበራ ሻማ፣ በወርቃማ ቀለም የሚጻፍ ስም። የላኩልኝን ፎቶግራፍ ክቡ ውስጥ አስገባሁ፤ ስማቸውን ጻፍኩ፤ አተምኩና ለባለቤታቸው ላሳይ ሄድኩ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ገለጡት፣ መልሰው ዘጉት።

«እጅሽ ይባረክ ልጄ። ግን ይሄ የማን ነው?»

«የጋሼ ነው እንጂ» አልኳቸው።

«ስሙማ የሱ ነው።»

ወደ ቤቴ ተመልሼ አሰብኩበት። ጥፋቴ የፈረንጅ ነገር ማብዛቴ መሰለኝ። ርግቧን አስወጣሁ፤ ሻማውን አጠፋሁ። በገጹ ዙሪያ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት አዞርኩ፤ ከላይ የላሊበላ መስቀል አስቀመጥኩ። በማግስቱ ይዤላቸው ሄድኩ። እትዬ ሳቅ አመለጣቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ይሄ ደግሞ ሜኑ መሰለ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከአንድ ወር በፊት ለአንድ ምግብ ቤት የሠራሁት ሜኑ ዙሪያው ያው ጥለት ነበረበት።

ይህን ታሪክ የማነሳው በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ዘወትር የምንጠያየቀውን አንድ ጥያቄ ስላበላሸብኝ ነው። ጥያቄው «መነሳሻ ከየት ይገኛል?» የሚል ነው። የተለመደው መልስ ሁላችንም እጅ ላይ አለ፤ ኮምፒውተሩን ዝጋው፣ የወቅቱን ፋሽን እርሳው፣ በእግርህ ሂድ፣ ሙዚየም ግባ፣ የአያቶችህን ጥበብ ተመልከት። ክፉ ምክር አይደለም፤ እኔም ለሌሎች መክሬበታለሁ። ነገር ግን ሁለተኛው መጽሔቴ ምክሩን በሙሉ የፈጸመ ነበር። ከኮምፒውተሩ ወጥቼ ወደ ባህሌ ሄድኩ፤ ይዤ የተመለስኩት ሜኑ ሆነ። መነሳሻ እንደ ምንጭ ውኃ አንድ ቦታ ተቀምጦ እንስራ ይዞ የሚመጣን ሰው የሚጠብቅ ነገር ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ክር በክር ቆጥሮ የሠራው ጥለት ሕያው ነው፤ እኔ ገልብጬ በማንኛውም ወረቀት ዙሪያ ስለጥፈው ግን እንደ ርግቧና እንደ ሻማው ሌላ ቴምፕሌት ይሆናል። ባህልም ፋሽን መሆን ይችላል።

ታዲያ የጎደለው ምን ነበር? መልሱን ያገኘሁት ለመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ብራና መጻሕፍት ሳነብ ነው። የግዕዝ የብራና ጸሐፊዎች ጸሎቱ ውስጥ የመጽሐፉን ባለቤት ስም ያስገባሉ፤ «ጠብቀኝ» የሚለው ልመና በአየር ላይ አይንጠለጠልም፣ የሚጠበቀው ሰው በክርስትና ስሙ ይጠራል። ባለቤቱ ገና ካልታወቀ ቦታው ላይ «እገሌ» ተብሎ ይጻፋል፣ ወይም ባዶ ይተዋል። መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ ደግሞ የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይገባበታል፤ ፍቀቱ እስከ ዛሬ በዐይን የሚታይባቸው ብራናዎች አሉ። የቴምፕሌትን ምንነት ከዚህ በተሻለ የሚገልጽ ቃል አላውቅም። ቴምፕሌት ለእገሌ የተሠራ መጽሐፍ ነው። እኔ ያደረግሁት እገሌ የሚለውን ፍቄ የጋሼን ስም ማስገባት ብቻ ነበር። እትዬ ከእኔ በፊት ፍቀቱን አዩት።

ከብራና መጻሕፍቱ ይልቅ ያስገረመኝ ግን ክታቡ ነው። ቤተ ክርስቲያን በበጎ ዐይን አታየውም፤ እኔም የፈውስ ኃይሉን ልሟገትለት አልነሳም። አሠራሩን ብቻ ልብ እንበል። ደብተራው ለታመመ ሰው የብራና ጥቅል ሲያዘጋጅ ብዙ ጊዜ የብራናውን ርዝመት ከሰውየው ቁመት ጋር ያስተካክለዋል፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ነው። ንድፉ ከመጀመሩ በፊት፣ ቀለሙ ከመበጥበጡ በፊት፣ አንድ ሰው ቆሞ መለካት አለበት ማለት ነው። እስክንድር ቦጎሲያን በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ሲያስተምር፣ በሥዕሎቹም ውስጥ ከእነዚህ ጥቅሎች ብዙ ቀድቷል፤ ዐይኖቹን፣ መስመሮቹን፣ ብራናውን ራሱን። ከእሱ በኋላ የመጣን ብዙዎቻችን ዐይኖቹን ወሰድን። መለኪያውን ግን ረሳነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እጠብቃለሁ፤ ተገቢም ነው። ቁም ጸሐፊውም እኮ ገልባጭ ነበር። አዲስ ነገር ልፍጠር ብሎ አልተነሳም። በገጹ አናት ላይ የሚስለው ሐረግ ከእሱ በፊት የነበሩት የሳሉት ነው፤ ቅዱሳት ስሞችን በቀይ የሚጽፈው ሥርዓቱ ስለሆነ ነው። መገልበጥ ኃጢአት ከሆነ እሱ ከእኔ የባሰ ኃጢአተኛ ነው። እስማማለሁ፤ ስለዚህም ነው «ኦሪጅናል ሁን» የሚለው ስብከት የማይዋጥልኝ። ቫልተር ቤንያሚን እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፉ፣ ሥነ ጥበብ በማሽን ሲባዛ የሚያጣውን አንድ ነገር ሊሰይምልን ሞክሯል፤ የሥራው እዚህና አሁን መገኘት፣ ዙሪያው ያለው ሞገስ። የእኔ መጽሔት ግን ከመነሻውም መቶ ሃምሳ ቅጂ ሊሆን የተሠራ ነው፤ ዋና የሚባል ቅጂ የለውም። የጎደለው ብቸኛነት አልነበረም። የጎደለው ተቀባይ ነበር። ቁም ጸሐፊው ሺህ ጊዜ የተገለበጠውን መዝሙረ ዳዊት ሲገለብጥ እንኳ ለማን እንደሚጽፍ ሲያውቅ ስሙን ይጽፋል፤ ሳያውቅ ደግሞ አለማወቁን በግልጽ ያስቀምጣል። እኔ አለማወቄን በወርቃማ ቀለም ሸፈንኩት።

በኮምፒውተሩ ላይ መፍረድም ቀላል መውጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 የኮሎኙ ቄስ ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ቋንቋውን የተማረው እዚያው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። እነዚያ የብረት ፊደሎች ቅርጻቸውን ያገኙት በመቃ ብዕር ብራና ላይ ከሚጽፍ እጅ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባና ዛሬ በየስልካችን ስንጽፈው ያ እጅ አልጠፋም፤ ሩቅ መንገድ መጣ እንጂ። «ለ» እግሮቿን የዘረጋችው፣ የ«ቀ» ክብ ከእግሩ የወፈረው፣ አንድ ሰው አንድ ቀን ብዕሩን እንደዚያ ስለያዘ ነው። ስለዚህ የኮምፒውተሩ ጥፋት ማሽን መሆኑ አይደለም። ጥፋቱ፣ ጥፋት ካልነው፣ ሳይጠየቅ መመለሱ ነው። ገና ሰውየው ማን ነው ብዬ ሳልጠይቅ አራት መቶ የሐዘን ንድፍ ዘረጋልኝ። መልስ ቀድሞ ሲመጣ ጥያቄው ይቀራል፤ ጥያቄው ሲቀር ደግሞ ሰውየው አብሮ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ስል የሥራ ባልደረቦቼ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እኔም በወሩ መጨረሻ የምለው ነው። በስልሳ ዶላር ፖስተር የማንን ቁመት ልለካ? ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቤቱ ድረስ ብሄድ ኪራዬን ማን ይከፍላል? ደግሞም ለእገሌ መሠራት ያለበት ነገር አለ። የአደጋ ጊዜ መውጫ ምልክት፣ የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ፣ የስደተኛ ማመልከቻ ቅጽ ለማንኛውም ሰው እኩል መነበብ አለባቸው፤ የንድፍ ባለሙያው ራሱን የሚደብቅበት ሙያም ክቡር ሙያ ነው። ለእነዚህ ፋሽንም፣ ቴምፕሌትም፣ የተለመደ ቅርጽም ጽድቅ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው የትኛው ሥራ የእገሌ፣ የትኛው የአንድ ሰው እንደሆነ መለየት ነው። የሞተ ሰው እገሌ አይደለም። ሰው ከሚሞትበት አገር ርቆ ያደገ፣ ከሚቀበርበት አገር ርቆ የተወለደ ከሆነ ደግሞ እገሌ ሆኖ የመቅረቱ አደጋ እጥፍ ነው። እዚህ አገር ለጋሼ የቀረላቸው የጽሑፍ ምስክር የደመወዝ ቼክ፣ የመኪና ኢንሹራንስና የእኔ ስምንት ገጽ ነበር።

ሦስተኛውን ከመጀመሬ በፊት እትዬን ጠየቅኳቸው። ማድረግ የነበረብኝ መጀመሪያ ነበር፤ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሶፍትዌር አይጠይቅም። ጋሼ ደሴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበሩ። እዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምድር ቤት ያለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ሠሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠፈሩ ልጆች ፊደል ያስተምሩ ነበር፤ የሚያስተምሩበትን ካርድ የሚያዘጋጁት ሥራ ቦታቸው መኪና በማይገባበት ሰዓት ነው። እትዬ ከአልጋው ሥር አንድ ፌስታል አወጡ። ሁለት መቶ የሚሆኑ ካርዶች፤ በወፍራም ማርከር የተጻፉ። አንዱ ላይ ጋሼ «ጸሐይ» ብለው ጽፈው፣ «ጸ»ን ሰርዘው፣ ከላይዋ «ፀ»ን ጽፈዋል። ሰባት ዓመት ላልሞላው ልጅ ማን ልዩነቱን ያያል? እሳቸው ያያሉ።

መጽሔቱን በእነዚያ ካርዶች ሠራሁት። እያንዳንዱ ገጽ የሚጀምረው በእሳቸው እጅ በተጻፈ አንድ ቃል ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ያ የተሰረዘበት ካርድ ነው። ጥለት የለውም፣ ወርቅ የለውም። ከዕድሩ አንድ ሰው ቀለም አነሰው ብለዋል፤ አራተኛው ገጽ ላይም ሕትመቱ ደብዝዟል። እትዬ ሽፋኑን ብዙ አዩት። «በዚህ ፊደል ነገር ከሰው ይጣላ ነበር» አሉና ወደ ደሴ የሚልኩት ሃያ ተጨማሪ ቅጂ አዘዙኝ።

ሥራዎቼን ለደንበኞች የማሳይበት ፋይል ውስጥ አላስገባሁትም፤ ለሌላ ለማንም አይሆንማ። ባለፈው ዓመት ግን የእትዬ ጎረቤት ደውለውልኝ የእሳቸውም ባለቤት ማረፋቸውን ነገሩኝ። «ልክ እንደዚያኛው አድርጊልኝ» አሉኝ።

«እሺ» አልኳቸው። «መጀመሪያ ግን ቤትዎ ልምጣ።»