የሐሰት ሚዛንና ሳያውቅ የበደለ ሰው

ሰው ሳያውቅ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃልን? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው። በዘመናችንም በአንድ የመኪና ፋብሪካ ምክንያት እንደ አዲስ ተነሥቷል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በመስከረም ወር 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፥ ፎልክስዋገን የተባለው የጀርመን ኩባንያ በናፍጣ በሚሠሩ መኪናዎቹ ውስጥ የማታለያ ብልኀት ማኖሩን ገለጠ። ነገሩም እንዲህ ነው፤ በመኪናው ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር የመሪውን አኳኋንና የጕዞውን ፍጥነት ተመልክቶ መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን ይለያል፤ ያን ጊዜ ጢሱን ያጣራል። ወደ ጎዳና በወጣ ጊዜ ግን ማጣሪያውን ያላላል፤ ሳንባን የሚጐዳው የናይትሮጅን ኦክሳይድም ሕግ ከፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይወጣል። በመርማሪ ፊት ጻድቅ፥ በመንገድ ላይ በዳይ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያሉት መኪናዎች በዓለም ሁሉ 11 ሚሊዮን ያህል ነበሩ።

ስለ ፋብሪካው ሹማምንት በደል ብዙ ተነግሯል፤ እኛ ግን ገዢውን እንመልከት። በአሜሪካ «ንጹሕ ናፍጣ» ተብሎ ስለ ተነገረለት፥ አየሩን እንዳይበክል አስቦ የገዛው ሰው ጥቂት አልነበረም። ይህ ሰው በሁለት ወገን ተበደለ። የመኪናው ዋጋ ወደቀበት፤ ደግሞም በገዛ እጁ ባልንጀራው የሚተነፍሰውን አየር እንዲያበላሽ ተደረገ። በ2018 የሐምቡርግ ከተማ በሁለት ጎዳናዎቿ ላይ የቀድሞ የናፍጣ መኪናዎች እንዳያልፉ ስትከለክል፥ ከተከለከሉት መካከል እነዚህ የተታለሉት ባለመኪናዎች ይገኙ ነበር።

ካሳውም እኩል አልሆነም። በአሜሪካ በ2016 በተደረገው ስምምነት ኩባንያው መኪናውን መልሶ እንዲገዛ ወይም እንዲጠግን፥ በላዩም ገንዘብ እንዲከፍል ተወሰነ። በጀርመን ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት፥ ገዢው መኪናውን መልሶ የተገለገለበት ተቀንሶ ገንዘቡን እንዲቀበል የፈረደው በግንቦት 2020 ነው። ማታለሉ አንድ ሲሆን ካሳው በሁለት ሚዛን ተመዘነ።

እንግዲህ ገዢው በደለኛ ነውን? ሳያውቅ የነዳበት ዘመን አይቈጠርበትም። ነጋዴ በሸጠለት የሐሰት ሚዛን እህል የሰፈረ ገበሬ፥ እውነት መስሎት ሰፍሮ ከሆነ ዕዳው የሚዛኑ ሠሪ ነው። ዕውቀት ከመጣ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። «ከተጠገነ ጉልበቱ ይቀንሳል፥ ናፍጣም ያበዛል» ብለው በመስጋት ጥገናውን ያልወደዱ ባለመኪናዎች ነበሩ። ሥጋታቸው ከንቱ ነው አይባልም፤ የተታለለ ሰው ሁለተኛ ለማመን ይቸግረዋልና። ነገር ግን ጢሱ ጐጂ መሆኑን ዐውቆ እንደ ነበረ የሚነዳ፥ ወይም ነውሩን ሸሽጎ ለሌላ የሚሸጥ፥ የፋብሪካውን ሐሰት የራሱ ሐሰት ያደርገዋል።

«እኔም ተበድያለሁ» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ሆኖም በደልን ወደ ሦስተኛ ሰው ለማሻገር ፈቃድ አይሆንም። የተበደለ ሰው ካሳውን ከበዳዩ በፍርድ ቤት ይጠይቅ፤ ይህ መብቱ ነው። ከመንገድ ዳር ከሚኖር ሕፃን ሳንባ ግን ሊያስከፍል አይገባውም። የኦሪት ሕግ በከረጢት ሁለት ዓይነት መመዘኛ መያዝን የከለከለው ለነጋዴ ብቻ አይደለም፤ የሐሰቱን ሚዛን ሳያውቅ ተቀብሎ፥ ካወቀ በኋላ ላልጣለውም ሁሉ ነው።