ደጃፉ የማን ነው?

የምርጫ ወራት ሲደርስ በሰፈራችን በጎፋ የቆርቆሮ አጥሩም የብረት በሩም አፍ ያወጣል። ስለዚህ በጉባኤያችን አንድ ጥያቄ አንሥተን ብዙ ተከራከርንበት፤ ይኸውም፦ ሰው በገዛ ቤቱ ደጃፍ የፈቀደውን የፖለቲካ ምልክት መስቀል ይገባዋልን?

በአሜሪካ፣ ላዱ በምትባል የሚዙሪ ከተማ፣ ማርጋሬት ጊሊዮ የተባለች ሴት ስለ ባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሰላምን የሚለምን ትንሽ ወረቀት በመስኮቷ ለጠፈች። ከተማው የመንደሩን ውበት ለመጠበቅ ሲል እንዲህ ያለውን በደንብ ከልክሎ ነበር። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1994 እ.ኤ.አ. ዳኞቹ ሁሉ ለእርሷ ፈረዱ። በቤት ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ተናጋሪው ማን እንደሆነ አብሮ ይናገራልና ሌላ ስፍራ ቢለጠፍ ያው አይሆንም አሉ።

እነርሱ የምልክቱ ክብር ያሉት ይህ ነገር ለእኛ ስጋት ሆኖ ኖሯል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የኢሕአዴግ ንብና የቅንጅት ሁለት ጣት የማያውቀው ሕፃን እንኳ አልነበረም። ግንቦት 7 ቀን ድምፁ የተሰጠው በምሥጢር ነው፤ ደጃፍ ግን ምሥጢር የለውም። ምርጫው አልፎ ነገር ሲከር ሁለት ጣት ማንሣት ለጥርጣሬ የሚዳርግ ሆነ።

ባንዲራውንስ ምን እንበለው? በጥምቀት ሰሞን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጨርቅ በደጃፉ የሚሰቅል ሰው በዓል አከበርሁ ይላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 3 በመካከሉ ዓርማ ይኑርበት ሲል፣ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ደግሞ ዓርማ የሌለውን መጠቀም ከለከለ። ያው ጨርቅ ለሰቃዩ በዓል፣ ለተመልካቹ ተቃውሞ ሆነ። ትርጉሙን የሚሰጠው ሁልጊዜ የሰቀለው ሰው አይደለም ማለት ነው።

ከመካከላችን አንዳንዶች፣ ለሰላም ሲባል ሁሉም ይከልከል አሉ። እኛ ግን አልተስማማንም። በደርግ ዘመን መፈክሩ በየአጥሩ ነበረ፤ የቤቱን ሰው ማን ጠየቀው? መስቀልን የሚከለክልና ስቀል ብሎ የሚያስገድድ እጅ አንድ ነው። በሩን ባዶ የተወ ጎረቤትም ‹‹የማን ወገን ነህ?›› ተብሎ ሊጠየቅ አይገባም።

የከበደን ሌላው ነገር ነው። በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግሉን ከጋራው ለይቶልናል፤ ደረጃው የሁሉም ነውና አንዱ ብቻውን ሊለጥፍበት አይገባም። በግቢ ቤት ግን ባለቤቱም፣ ልጆቹም፣ በሰርቪስ ቤት ያሉት ተከራዮችም የሚገቡት በአንድ በር ነው። አባወራው የለጠፈው ምልክት በመንገደኛው ዓይን የሁሉም ምልክት ይሆናል፤ መዘዝ ቢመጣም አብረው ይቀበላሉ። እንግዲህ በሩ በስሙ ቢሆንም ከመለጠፉ በፊት የቤቱን ሰዎች፣ ተከራዮቹንም ጭምር፣ ሊያማክር ይገባዋል እንላለን።

ተከራዩ በበኩሉ በክፍሉ መስኮት ተቃራኒውን ምልክት ቢለጥፍስ? ባለቤቱ ‹‹ቤቴን ልቀቅ›› ይለው ይሆናል፤ የቤት ኪራይ እንዴት እንደሚገኝ የታወቀ ነውና ተከራዩ ወረቀቱን ሳይነሣበት በገዛ እጁ ይነቅለዋል። በዚያ ግቢ ከላዱ ከተማ ደንብ የበረታ ደንብ አለ፤ የሚሽረው ፍርድ ቤት ግን የለም፤ ባለቤቱ ራሱ ካልሻረው በቀር።