ቤት ለእንግዳ፣ በተከራዩት ቤት



የሐዋርያት ሥራ የሚፈጸመው በኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ቅዱስ ሉቃስ የቤተ ክርስቲያንን ጉዞ ከኢየሩሳሌም እስከ ሮም ካደረሰልን በኋላ፣ በምዕራፍ 28 መጨረሻ፣ ቅዱስ ጳውሎስ በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጦ የሚመጣውን ሁሉ ሲቀበል ያሳየናል። ሐዋርያው በዚያን ጊዜ እስረኛ ነበር፤ የሚጠብቀው ወታደርም ከእርሱ ጋር ነበረ። ከተማዪቱ አገሩ አልነበረችም፤ ቤቱም ርስቱ አልነበረም፤ እንግዳ መቀበሉ ግን አልተቋረጠም። በዚያችው ሮም ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት፣ የኢትዮጵያ መነኮሳት ራሳቸው እንግዶች ሆነው ሳለ ከአገራቸው የሚመጡትን ነጋድያን ያስተናግዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 በሮም በግእዝ የታተመው አዲስ ኪዳን የዚያ ቤት ነዋሪዎች የነበሩት የአባ ተስፋ ጽዮንና የባልንጀሮቻቸው የድካም ፍሬ ነው። እንግዲህ በሰው አገር፣ በሰው ቤት ሆኖ እንግዳ መቀበል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ በዘመናችን ይህ ነገር ምን ያህል እንደ ከበደ የተረዳነው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ምእመናን ለጥቂት ወራት ባገለገልንበት ወቅት ነው። አንድ ቤተሰብ ልንጎበኝ ሄድን። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆችና ከአንድ ጨቅላ ሕፃን ጋር ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። የሚስቲቱ እናት ልጃቸውን በአራስነቷ ሊረዱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሦስተኛ ወራቸውን ይዘዋል። ቡና ተፈልቶ ስንጨዋወት በሩ ተንኳኳ። ልጅቱ ለእናቷ በዓይኗ ምልክት ሰጠች፤ እናትዮዋም ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ መኝታ ክፍል ገቡና በሩን ዘጉ። የአምስት ዓመቱ ልጅ ጣቱን በከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ እኛ ተመለከተ። የመጣው አከራዩ የላከው የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ሰዓት ያህልም ቆየ። እርሱ ከሄደ በኋላ እናትዮዋ መቍጠሪያቸውን እንደ ጨበጡ ወጡና፣ «አባ፣ ምን አጥፍቼ ነው የምሸሸገው?» ሲሉ ጠየቁን። በዚያች ሰዓት የምንመልሰው አልነበረንም።

ልጅቱ ክፉ አይደለችም። በኪራይ ውላቸው ላይ የእናቷ ስም የለም፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ እንግዳ ለአከራዩ መገለጽ አለበት የሚል አንቀጽ ግን አለ። ብንናገር ያስወጣናል፣ ወይም ይጨምርብናል ብለው ፈሩ። ከባልየው ደመወዝ ከግማሽ የሚበልጠው ለኪራይ ለሚሄድበት ቤት ይህ ፍርሃት ቀላል አይደለም፤ ከሩቅ ሆነን የምንፈርድበትም አይደለም።

ነገር ግን የተሸሸገ እንግዳ ገና አልተቀበልነውም። ውል ቃል ነው፤ በፊርማችን ያጸናነውን ቃል በዝምታ ማፍረስ ስምንተኛውን ትእዛዝ ይነካል። ከዚህም የሚብሰው፣ ሸክሙ በሁለቱ ደካሞች ትከሻ ላይ መውደቁ ነው። አያት በልጃቸው ቤት እንደ ጥፋተኛ ይሸሸጋሉ፤ ሕፃኑም የሚወዳቸውን አያቱን መካድ ይማራል። ያንን ጣት በከንፈሩ ላይ ያኖረው ማን ነው?

ስለዚህ ዘመድ ከመምጣቱ በፊት የኪራይ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ለእንግዳ የሚፈቀደው የሌሊት ቍጥር ከውል ውል ይለያያልና በጎረቤት ወሬ አትመኑ። የሚመጣው ማን እንደ ሆነ፣ መቼ መጥቶ መቼ እንደሚመለስ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የመቆያው ፈቃድም እንዲሁ ነው። በፓስፖርቱ ላይ የተጻፈው የቪዛ ማብቂያ ቀንና አሜሪካ ሲገቡ የሚሰጠው የመቆያ ቀን አንድ አይደሉም። ለጠያቂ ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው 6 ወር ሲሆን፣ ማራዘም የሚፈልግ ያ ቀን ሳያልፍ ማመልከት ይገባዋል። ለጉብኝት የመጣ አረጋዊ መንግሥት ለአገሬው አረጋውያን የሚሰጠውን የጤና መድን ስለማያገኝ፣ የጉዞ የጤና መድን አስቀድሞ ይገዛለት። ካህን ስለ መድን ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ በሆስፒታል ዕዳ የተቀያየሙ ወንድማማቾችን ማስታረቅ የእኛ ዕጣ መሆኑን ያስብልን።

ልጅቱ ከብዙ ማመንታት በኋላ ለአከራዩ ጻፈች። እርሱም ለውኃ ጥቂት ገንዘብ ጨምሮ፣ እናትዮዋ እስከሚመለሱበት ቀን ድረስ ፈቀደ። ሁሉም እንዲህ አይቀናውም። ሌላ የምናውቀው ቤተሰብ ተከልክሎ፣ አባትየው በሌላ ከተማ ወደምትኖረው ልጃቸው ለመሄድ ተገደዋል። አልቅሰዋል፤ የወጡት ግን በቀን፣ ሻንጣቸውን ይዘው፣ በዋናው በር ነው።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ በቤት ውስጥ የሚሰጠው ስፍራ ይቀራል። በሁለተኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 4 ሱነማዊቷ ሴት ነቢዩ ኤልሳዕን ለመቀበል አስቀድማ ከባልዋ ጋር ተማከረች። ይህን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን፤ አማት ለስድስት ወር እንደሚመጡ ባል የሚሰማው ቲኬቱ ከተቈረጠ በኋላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቤት ይታመሳል። ሴቲቱ ካዘጋጀቻቸው ነገሮች መካከል አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መብራት ይገኛሉ። መብራቱ እንግዳው በራሱ ሰዓት እንዲነሣና እንዲጸልይ ይመስለናል። በጠባብ ቤት የተለየ ክፍል ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን ምድጃውን ማብራት፣ ስልክ መደወል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን አውቶቡስ መለየት ማስተማር ቦታ አይፈጅም። ብዙ እናቶች በማያውቁት ቋንቋ የሚናገር ቴሌቪዥን ፊት ከጠዋት እስከ ማታ ብቻቸውን ተቀምጠው አይተናል። የልጅ ልጅን ማቀፍ ደስታቸው ነው፤ ሳይጠየቁ የአሥራ ሁለት ሰዓት ሞግዚት መሆን ግን ሌላ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2021 ለአያቶችና ለአረጋውያን ዓለም አቀፍ ቀን ሲመሠርቱ በሐምሌ ወር በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር አራተኛውን እሑድ ወስነዋል። በዚያ ቀን እንግዶቻችሁን ወደ መሥዋዕተ ቅዳሴ ይዛችሁ ኑ።

እንግዶች ሆይ፣ እናንተም የልጆቻችሁን ትዳር ለመዳኘት እንዳልመጣችሁ አስቡ። የአገር ቤት ዘመዶችም የመመለሻውን ሻንጣ ክብደት አስቀድመው አይመዝኑ።

ወደዚያ ቤት ዳግመኛ የሄድነው እናትዮዋ ሊመለሱ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ነበር። ልጃቸው ለገበያ ወጥታ ነበር። በሩን አንኳኳን፤ እርሳቸው ከፈቱልን። የቤቱ ቍልፍ ከመቍጠሪያቸው ጋር ታስሮ በአንገታቸው ነበረ።