በአንድ ራስ ውስጥ ማደር

በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው፣ «ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን ልጆቻችን የማባዛት ሠንጠረዥ ሲሸመድዱ የሚያመሹት ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ሽምደዳን የሚኮንነው ወገን ድምፁ አየለ፤ ሌላው ወገን ደግሞ «የድሮ ልጅ ስንቱን በቃሉ ይይዝ ነበር» ከማለት አላለፈም። ከሁለቱም ጋር መስማማት አቃተኝ።

ከራስ ውጭ የተቀመጠ ነገር ትውስታን ያዳክማል የሚለው ስጋት ራሱ ያረጀ ነው። ፕላቶ «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሳኑ አንድ የግብፅ ንጉሥ ጽሕፈትን ዝንጋታ ያመጣል ብሎ ሲከሰው ያሳየናል። የኛ አገር ሰው በተራው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ብሎ ለጽሕፈት ፈርዷል፤ ያውም ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚወጣ ተማሪ እያፈራ። በ2011 እ.ኤ.አ. ቤትሲ ስፓሮውና ሁለት ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት ደግሞ ነገሩን በሙከራ አየው፤ ኮምፒውተር ላይ የጻፉት እንደሚጠፋ የተነገራቸው ሰዎች ይቀመጣል ከተባሉት የተሻለ አስታወሱ። እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ሰው ከነገሩ ይልቅ የገባበትን ፎልደር ማስታወስ ይቀናዋል። ይህን መዳከም ማለት ግን ይቻላል? ቦታውን ካወቅሁ ነገሩ መቼ ከእጄ ወጣ?

አንዲ ክላርክና ዴቪድ ቻልመርስ የተባሉ ፈላስፎች በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ጥያቄውን እስከ ጥጉ ወስደውታል። ኦቶ ያሉት ምናባዊ ሰው የመርሳት ሕመም ስላለበት የሚያስፈልገውን ሁሉ በደብተር ጽፎ ይዞ ይዞራል። ኒው ዮርክ ወዳለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም መሄድ ሲፈልግ ደብተሩን ገልጦ 53ኛ መንገድ ላይ መሆኑን ያነባል። ኢንጋ ያሏት ሌላዋ ምናባዊ ሰው ደግሞ አስታውሳ ትሄዳለች። ሁለቱም ይደርሳሉ። ታዲያ የኦቶን ደብተር ትውስታው አይደለም የምንለው ከራስ ቅሉ ውጭ ስለሆነ ብቻ ነው?

ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው መልስ፣ ደብተር ካልጠየቁት አይናገርም የሚል ነው። በልብ ያለ ግን ሳይጠሩት ይመጣል፤ መንገድ ላይ፣ ሸለብ ሲያደርግ፣ በሌላ ወሬ መሐል። መልሱ ደስ ይላል፤ አይጸናም። ስልኬ ማንም ሳያዘው «የዛሬ አምስት ዓመት» ብሎ የሟች ዘመድ ፎቶ ይደቅንብኛል። ይህን ባዕድ ነገር እንዳልለው ደግሞ አርባና ሙት ዓመት የምንዘክር ሕዝብ ነን፤ ሐዘናችንን እንኳ ቀን ጠብቆ እንዲቀሰቅስልን ለዘመን መቁጠሪያ ከሰጠን ቆይተናል።

እንግዲህ ልዩነቱን ማጥበብ ግድ ይለኛል። በአንድ ራስ ውስጥ ያደሩ ሁለት ነገሮች እርስ በርስ ይገናኛሉ። ስልኬ ውስጥ ያሉት ግን አገናኛቸው ዘንድ መጀመሪያ መጠርጠር አለብኝ። 42/56 የሚል ክፍልፋይ ስታይ ሁለቱም የሰባት ብዜት መሆናቸው ብልጭ የሚልላት ልጅ እዚያው ታቃልለዋለች። ካልኩሌተሩ 0.75 ይላታል። ልክ ነው፤ ዝምድናቸውን ግን አይነግራትም።

የቅኔ ተማሪ ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል። ከጓደኞቹ ፈንጠር ብሎ ዛፍ ሥር ይቀመጥና ጉባኤ ቃናውን ይቆጥራል። ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ወረቀትም እርሳስም አልያዘም። የዝናቡ መቅረት ካሳሰበው፣ ኤልያስ ሰማይን የለጎመበት ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሳይፈልገው ይመጣለታል። የሚፈልገውን አስቀድሞ ቢያውቅማ መጽሐፍ ገልጦም ባገኘው ነበር። ሰሙና ወርቁ የተገጣጠሙት ግን ገና ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ ነው።

ክርክሬ እዚህ ድረስ ከጠበበ ብዙ ነገር መልቀቅ አለብኝ። የስልክ ቁጥርም ቀጠሮም ለስልኩ ይሁን። ሐኪምም የመድኃኒቱን መጠን ከስልኳ ብታረጋግጥ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል። በሽተኛው በጨዋታ መሐል «የቲቢ መድኃኒት ጀምሬያለሁ» ሲል ግን፣ ያቺን ቃል ከዓይኑ ቢጫነት ጋር አያይዛ መድኃኒቱ ጉበቱን ጎድቶት እንደሆነ መጠርጠር የሷ ፋንታ ነው። ይህንንም ማሽን ይሠራዋል ይሉኛል። ሊሠራው ይችላል፤ ያቺን ቃል ግን ትጠቅማለች ብሎ የሚያስገባለት ሰው ያስፈልገዋል፣ ቢያንስ ለጊዜው።